በላሜራ ግድግዳ ላይ ያለ ሶኬት

በሀዲያ፣ በፎንቆ ለሱቅ ባለቤቶችና ለኤሌክትሪክ ሙያ ሠልጣኞች የቀረበ ዲስኩር



ሰው ዲስኩር እንዲያደርግ ሲጠራ ስለ ሰላም፣ ስለ ልማት ወይም ስለ ታሪክ ይናገራል ተብሎ ይጠበቃል። እኔ የመጣሁት ስለ ሶኬት ላወራ ነው። ስለ ሁሉም ሶኬት እንኳ አይደለም፤ በኮንቴይነርና በላሜራ በተሠራ ሱቅ ግድግዳ ላይ ስላለው፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ አንድ ጎኑ ተነቅሎ፣ በገዛ ሽቦው ስለተንጠለጠለው ሶኬት ነው። ከመካከላችሁ «የእኔን ነው እንዴ የሚለው?» ያለ ካለ፣ አዎ፣ ያንተን ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሶኬቱ ሲቃጠል ልጅ ይላክና አዲስ ይገዛል፤ በሠፈሩ «እጁ ይሠራል» የሚባል ወጣት ይጠራል፤ ሁለት ብሎን ፈትቶ ሁለት ብሎን አጥብቆ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ያው ሶኬት እንደገና ይጠቁራል። ባለቤቱም «የዘንድሮ ዕቃ ሁሉ ፎርጅድ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ዕቃው ፎርጅድ ሊሆን ይችላል፤ እሱንም አነሳዋለሁ። ሆኖም በአንድ ቦታ ደጋግሞ የሚቃጠል ሶኬት ጥፋቱ የራሱ ብቻ አይደለም። ከኋላው ያለው መስመር፣ ከፊቱ የተሰካበት ዕቃና የተተከለበት ግድግዳ ሦስቱም በነገሩ አሉበት። በተለይ ግድግዳው ብረት ሲሆን፣ ሶኬቱን መቀየር የሥራው ትንሿ ክፍል ናት። ዛሬ ላሳምናችሁ የምፈልገው ይህን ነው።

ከጭነቱ ልጀምር። የተለመደው የገበያ ሶኬት ጀርባው ላይ 16 አምፔር የሚል ተጽፎበታል። የቤት ኃይላችን 220 ቮልት ነው። ሁለቱን ስታባዙ 3,520 ዋት ይመጣል። ያ የሶኬቱ የመጨረሻ አቅም ነው፤ ያውም አዲስ ሆኖ፣ ውስጡ ያለው ነሐስ ስፒናውን አጥብቆ ሲይዝ። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ደግሞ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። ምጣዱ እንግዲህ ገና ብቻውን ሳለ የሶኬቱን አቅም ጨርሶታል ወይም አልፎታል። እንደ ውኃ ማፍያ አምስት ደቂቃ ሠርቶም አይጠፋም፤ ሌማቱ እስኪሞላ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይበራል። በዚያው ሶኬት ላይ ማከፋፈያ ተሰክቶ፣ በማከፋፈያው ላይ ፍሪጅና ስቶቭ ተጨምሮ ያየሁባቸው ምግብ ቤቶች አሉ። ይህን ያደረገ ሰው ሶኬት በየወሩ ቢገዛ ሊገርመው አይገባም።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ለሠልጣኞቹ በቁጥር ላሳያችሁ። ብሎኑ ላላ ብሎ፣ ወይም መዳቡ ዝጎ፣ በመጋጠሚያው ላይ ግማሽ ኦም ብቻ እንቅፋት ተፈጠረ እንበል። 16 አምፔር ሲያልፍበት 16 በ16፣ ከዚያ በግማሽ ሲባዛ 128 ዋት ይሆናል። ሬዲዮ ጠጋኞች እርሳስ የሚያቀልጡበት ካውያ ከ40 እስከ 60 ዋት ነው። ስለዚህ ከሁለት ካውያ የሚበልጥ ሙቀት፣ የጥፍር ያህል ስፋት ባላት አንዲት ነጥብ ላይ፣ በፕላስቲክ ተከቦ ለሰዓታት ይቀመጣል ማለት ነው። ብሬከሩ ይህን አያይም። እሱ የሚቆጥረው ያለፈውን አምፔር ነው፤ የሞቀውን ቦታ አያውቅም። የሚያውቀው አፍንጫችሁ ነው። የተቃጠለ ዓሣ የመሰለ ሽታ በሱቃችሁ ውስጥ ከሸተታችሁ፣ ዓሣ የማትሸጡ ከሆነ፣ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ዳብሱ።

ለምጣድ ያለኝ ፍርድ አጭር ነው፤ ከተራ ሶኬት ላይ ይውረድ። ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመር፣ ባለ 6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ሰማያዊው ባለ 32 አምፔር ትልቅ ሶኬት ያስፈልገዋል። «ብሬከሩ እየጣለ አስቸገረኝ» ብሎ 16ቱን አውጥቶ 32 የሚያስገባ፣ ሽቦውን ግን ያው ባለ 2.5 አድርጎ የሚተው ሰው አለ። እሱ ችግሩን ከሳጥኑ አውጥቶ ግድግዳው ውስጥ ቀበረው እንጂ አልፈታውም።

ወደ ግድግዳው እንለፍ። በብሎኬት ግድግዳ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ስካቶላው በሲሚንቶ ተቀብሯል፣ ሽቦው በቱቦ ውስጥ አልፏል፣ ሶኬቱም በብሎን ወይም በሁለት ጥፍሩ ስካቶላውን ይይዛል። የጭቃ ግድግዳ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ጭቃና ጭድ ብሎን አይይዝም። በምስማር የተመታ ሶኬት ስፒና በተነቀለ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይላወሳል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ በመጨረሻ ሶኬቱ ተነቅሎ ሽቦው ላይ ይቀራል። ጭዱም ደረቅ ነው፤ እሳት ይቀበላል። መፍትሔው ጭቃውን ትቶ ማገሩን መፈለግ ነው። ጣውላ ከማገሩ ጋር በብሎን ይታሰር፤ ስካቶላው በጣውላው ላይ ይቀመጥ። ይህን ማንም አናጢ በግማሽ ሰዓት ይሠራዋል። የላሜራው ግድግዳ ከሁለቱም የተለየ በመሆኑ ቀሪውን ሰዓቴን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

በየመንገዱ ዳር ያለውን ሱቅ አስቡት። ሃያ ጫማ የሚባለው ኮንቴይነር 6 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ወርዱ ወደ 2 ሜትር ተኩል ይጠጋል፤ ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ውፍረት ያለው ብረት ነው። በብየዳ የሚሠራው ኪዮስክ ላሜራው ከዚህም ይሳሳል። አንዳንዱ ባለቤት ውስጡን በኮምፔርሳቶ ያለብሰዋል፤ ያምራል፣ ሙቀትና ብርድም ይቀንሳል። ሽቦው ታዲያ በብረቱና በኮምፔርሳቶው መካከል፣ ዓይን በማያየው ቦታ ይሄዳል። ቀዳዳው በትራፓኖ ወይም በግራይንደር የተከፈተ ስለሆነ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል። በሩ በተዘጋ ቁጥር ላሜራው ይንቀጠቀጣል፤ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርዱ ይኮማተራል። በዚህ ሁሉ መካከል ጠርዙ የሽቦውን ፕላስቲክ ይፈገፍጋል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ መዳቡ ብረቱን ይነካል።

ከዚያስ? ብዙ ሰው «ብሬከሩ ይጥላላ!» ይለኛል። አይጥልም። ብሬከር የሚጥለው ብዙ ኤሌክትሪክ ሲፈስ ነው። ኮንቴይነሩ በድንጋይ፣ በብሎኬት ወይም በእንጨት ላይ ተቀምጦ ከመሬት ጋር በደንብ ካልተያያዘ፣ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ሱቁ በሙሉ፣ በሩ፣ መስኮቱ፣ የተንጠለጠለበት ሚዛን ሳይቀር፣ 220 ቮልት ተሸክሞ ዝም ይላል። አምፖሉ ይበራል፤ ፍሪጁ ይሠራል፤ ባለቤቱ ይሸጣል። ክረምት ገብቶ መሬቱ ሲርስ፣ አንድ ልጅ በባዶ እግሩ ሳሙና ሊገዛ መጥቶ የመስኮቱን ብረት ሲይዝ፣ መንገዱ ያኔ ይገኛል። መንገዱ ልጁ ነው።

ቁጥሩን ስሙ። የረጠበ ሰው አካል 1,000 ኦም ገደማ ቢቋቋም፣ በ220 ቮልት የሚያልፍበት 0.22 አምፔር ነው። አንዲት 60 ዋት አምፖል የምትወስደው 0.27 ነው። ሰውን የሚገድለው ከአምፖል ያነሰ ነው ማለት ነው። 16 አምፔር እስኪያልፍ የሚጠብቅ ብሬከር ይህን እንዴት ይይዘዋል?

በዚህ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ አለን። ሱቁ በዝናብ ጊዜ «ነዘር ያደርጋል» ይባላል። ይሳቅበታል። ባለቤቱ የላስቲክ ጫማ ያደርጋል፣ ከእግሩ ሥር ጣውላ ያነጥፋል፤ ነገሩ በዚያው ይለመዳል። የሚነዝር ብረት ግን በጤናው ያለ ብረት አይደለም። ዛሬ ነዝሮ ብቻ የተዋችሁ ጫማችሁ ደረቅ ስለነበረ ነው። ጫማ የሌለው ደንበኛ ሲመጣ ይይዘዋል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ ሶኬት ለመቀየር የሚመጣ ባለሙያ ካቻቢቴውን ከማውጣቱ በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት። ይህ ብረት ከመሬት ጋር ታስሯል ወይ? ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከር አለው ወይ?

የመጀመሪያው ኧርዝ የምንለው ነው። ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም መዳብ የተቀባ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ ከእሱም አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ መጥቶ ቀለሙ በተፋቀ ንጹህ ብረት ላይ በብሎን ይታሰራል። ከቀለም ላይ የታሰረ ኧርዝ እንዳልታሰረ ቁጠሩት። ነገር ግን ኧርዝ ብቻውን አይበቃም። የዘንጉ የመሬት ቅዋሜ 50 ኦም ቢሆን፣ 220 ለ50 ሲካፈል 4.4 አምፔር ነው፤ 16 አምፔር ብሬከር ይህንንም አይጥለውም። ሱቁ እንደተመረዘ ያድራል፤ ቆጣሪውም በቀን 23 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ለመሬት ይቆጥራል። ያለምክንያት ሂሳብ ከጨመረባችሁ ይህንንም ጠርጥሩ።

ሁለተኛው አር.ሲ.ዲ የሚባለው ብሬከር ነው። በፌዙ የሄደውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን እያወዳደረ ይቀመጣል። ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ፣ ማለት የአንድ አምፔር ሦስት መቶኛ ሲጎድልበት፣ ከሦስት አሥረኛ ሴኮንድ ባልበለጠ ጊዜ ይቆርጣል። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ነው ጥሩነታቸው። ኧርዙ ካለ ሽቦው ብረቱን በነካባት ቅጽበት ሱቁ ይጠፋል፤ ልጁ ገና ከቤቱም አልወጣም። ኧርዝ ከሌለ ግን አር.ሲ.ዲው የሚቆርጠው ሰው ሲነካው ነው፤ ይተርፋል፣ ሆኖም ደንግጦ ነው የሚተርፈው። ለሠልጣኞች አንድ ስሌት ልጨምር። የሰው እጅ የሚነካውን ብረት ከ50 ቮልት በታች ለማቆየት ከፈለጋችሁ፣ 50 ለ0.03 ሲካፈል 1,666 ኦም ይሰጣል። ከ30 ሚሊ አምፔር አር.ሲ.ዲ ጋር ሲሆን ደካማ የሚባል ኧርዝ እንኳ ሥራውን ይሠራል ማለት ነው። «የእኛ መሬት በበጋ ይደርቃል፣ ኧርዝ አይይዝም» የሚለው ሰበብ ስለዚህ ውኃ አይቋጥርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ አላልፍም። ዘንግ መቅበሩ ሲከብደው ላሜራውን ከኒውትራሉ ጋር የሚያስር ሠራተኛ አለ። በቴስተር ሲነካው አይበራም፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ኒውትራሉ ከምሰሶው ላይ የላላ ዕለት ግን ሱቁ በሙሉ በእያንዳንዱ አምፖልና ፍሪጅ በኩል ፌዝ ይሆናል። ይህን የሚሠራ ሰው ሙያውን አያውቅም፤ ወይም እያወቀ የሰው ሕይወት ላይ ይቆምራል።

እንዲያው ሳስበው ይገርመኛል። የሀዲያ ምዕራባዊ ጠርዝ ከጊቤ ሸለቆ ጋር ይዋሰናል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሁለት 420 ሜጋ ዋት፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋቱ የህዳሴ ግድብ ተመረቀ። አገር ገንዘቧን ሰብስባ ወንዝ ገደበች፤ ኃይሉ ተራራ አቋርጦ እዚህ ደረሰ። ቆጣሪው ድረስ ያለውን መብራት ኃይል ይጠብቀዋል፤ ብልሽት ሲኖር 905 ይደወልለታል። ከቆጣሪው ወዲህ ያለችው ትንሽ ርቀት የእኛ ናት። የምንሞተውም የምንቃጠለውም እዚህች ላይ ነው።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። መጀመሪያ ማጥፋት ነው፤ ይህ ደግሞ እንደሚባለው ቀላል አይደለም። ብዙው ሱቅ የራሱ ቆጣሪ የለውም፤ ከጀርባው ካለ ቤት መስመር ይሳባል። የሱቁን ማብሪያ ማጥፊያ ስላጠፋችሁ ሶኬቱ አልጠፋም። መስመር ሲሳብ ፌዝና ኒውትራል ተለዋውጦ ከሆነ፣ ማብሪያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን ነው፤ አምፖሉ ይጠፋል፣ ሽቦው ግን እንደተሞላ ነው። ስለዚህ ወደ ቆጣሪው ባለቤት ሄዳችሁ ከዋናው ብሬከር አስጠፉ። ባልቦላ ከሆነ ነቅላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። ብሬከር ከሆነ ሰው አቁሙበት። «እትዬ፣ እንዳያበሩት» ብሎ መሄድ አይበቃም፤ እትዬ ገበያ ይሄዳሉ፣ ልጃቸው ቴሌቪዥን ሊያይ ይመጣል።

እዚህ ላይ የአገራችንን ልዩ አደጋ ላንሳ። መብራት ሲሄድ «አሁን እኮ የለም፣ በዚሁ ልቀይረው» የሚል ሰው አለ። ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ይሻላል ብሎ ነው። መብራት ግን ሲሄድ እንዳልነገራችሁ ሲመጣም አይነግራችሁም። ጎረቤታችሁ ጄነሬተር አስነስቶ በሶኬት በኩል ወደ ቤቱ ከሰካው ደግሞ፣ ምሰሶው ላይ መብራት ሳይኖር የእናንተ ሽቦ ላይ ሊኖር ይችላል። መብራት በሌለበት ሰዓት የሚሠራ ሰው መብራት እንዳለ አድርጎ ዋናውን ያጥፋ።

ካጠፋችሁ በኋላ አረጋግጡ። ቴስተሯን መጀመሪያ በምታውቁት የሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክሩ፤ ውስጧ ያለችው ትንሽ መብራት ሞታ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የምትሠሩበትን ሁለቱንም ቀዳዳ ፈትሹ። በኛ አገር የተለመደው ክብ ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት ግራና ቀኝ የለውም፤ ፌዙ በየትኛውም ሊመጣ ይችላል። ቀጥላችሁ ቴስተሯን በዚያው በሚሠራው ሶኬት ላይ መልሳችሁ ሞክሩ፤ ያ መስመር አብሮ እንዳይጠፋ ቀድማችሁ ምረጡት። የላሜራ ግድግዳ ከሆነ ግድግዳውንም በቴስተር ንኩ። እጃችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት ነው የምላችሁ።

ሶኬቱ ሲወጣ ሽቦውን ቶሎ አትቁረጡ፤ እዩት። መዳቡ ጠቁሮ ከሆነ እስከ ንጹሁ ድረስ ወደ ኋላ ቁረጡ፤ የተቃጠለ መዳብ ቢታሰርም እንደገና ይሞቃል። ፕላስቲኩ ደርቆ የሚሰባበር ከሆነ ሶኬት መቀየር ትርፉ ድካም ነው፤ መስመሩ ራሱ ይቀየር። ቀለሞቹን አስተውሉ። በድሮው መስመር ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ኒውትራል ነው፤ በአሁኑ ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው ኧርዝ ነው። ግን ቀለምን አትመኑ፣ ፈትሹ፤ ሱቅ ውስጥ በነበረው ሽቦ የሠራ ሰው ብዙ ነው። ኧርዙ ከሌለ፣ በሁለት ጎኑ ትንንሽ ብረቶች ያሉት ሶኬት መግጠም ማስመሰል ነው። ብረቶቹ ከምንም ጋር አልተያያዙም፤ ባለቤቱ ግን ዕቃው የተጠበቀ ይመስለዋል።

ቀጥሎ ስለ ቀዳዳው። በአሜሪካ በመኪና ተጎትተው የሚሄዱ ቤቶች ነበሩ፣ አሁንም አሉ፤ ግድግዳቸው ስስ በመሆኑ ከኋላ ስካቶላ የማይፈልግ፣ ራሱ በፕላስቲክ የተዘጋ፣ በሁለት ክንፎቹ ግድግዳውን ከኋላ ቆንጥጦ የሚይዝ ሶኬት ሠርተውላቸዋል።  ኮምፔርሳቶ ለለበሰ ኮንቴይነር ባለ ክንፍ ስካቶላ ከተገኘ ጥሩ ነው። ለተራው ላሜራ ግን የእኔ ምክር ሌላ ነው፤ ግድግዳውን አትብሱ። ሶኬቱ በላሜራው ላይ ከሚለጠፍ የፕላስቲክ ሳጥን ጋር ይሁን፤ ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ በግድግዳው ላይ በግልጽ ይሂድ። አያምርም፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ሁሉም ይታያል፣ ብረት አይነካውም፣ ሲበላሽም በቀላሉ ይፈታል። ሽቦው ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባባት አንዲት ቀዳዳ የግድ ናት፤ እሷ በሞረድ ትለስልስ፣ ጎማ ይግባባት፣ ሽቦውም በቱቦ ይለፍባት። በናስትሮ መጠቅለል የጎማውን ቦታ አይተካም፤ ናስትሮ በፀሐይ ሙጫው ይለቃል።

ሲታሰር ፕላስቲኩ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይላጥ፤ ከብሎኑ ውጭ የሚታይ ራቁት መዳብ አይኑር። ብሎኑን አጥብቃችሁ እያንዳንዱን ሽቦ ጎትቱ፤ ከወጣ አልታሰረም ነበር። ሲበራ በአምፖል ሞክሩ፣ ከዚያ በከባድ ዕቃ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሶኬቱን ፊት በእጃችሁ ጀርባ ዳብሱ። ለብ ቢል ይሁን፤ ከሞቀ ግን ፈታችሁ እንደገና ጀምሩ።

ስለ ስፒናም ልናገር፤ ይህ አካባቢ ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ልጃችን ብዙ ነው፤ ሲመለስ ወይም ሲልክ ዕቃ ይመጣል። የደቡብ አፍሪካው ስፒና ሦስት ወፋፍራም ክብ እግሮች አሉት፤ የእኛ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ከዓረብ አገር የሚመጣው ደግሞ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ነው። ታዲያ ምን ይደረጋል? ስፒናው ይቆረጥና ሁለቱ ሽቦ ራቁቱን ሶኬት ውስጥ ይከተታል፤ እንዳይወጣም የክብሪት እንጨት ይወተፍበታል። ሦስተኛው፣ አረንጓዴና ቢጫው፣ «ትርፍ ነው» ተብሎ ይቆረጣል። ማቀዝቀዣውን ከሚነካ ሰው ሞትን የሚመልሰው ያ የተቆረጠው ነው። ለደቡብ አፍሪካው ዕቃ ኃይሉ ችግር የለበትም፤ የእነሱ 230 ቮልት ነው፣ የእኛ 220፤ ዕቃው ይሠራል። የሚያስፈልገው ኧርዝ ያለው ትክክለኛ ስፒና ብቻ ነው፤ ዋጋውም ከዕቃው ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

እግረ መንገዴን፣ ደቡብ አፍሪካ ያሉ ወንድሞቻችሁ ብዙዎቹ ሱቃቸው እንደኛው በኮንቴይነርና በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ሲደውሉ ጠይቋቸው። በዚያ አገር ደንብ ሶኬቶች በ30 ሚሊ አምፔር አር.ሲ.ዲ መጠበቅ አለባቸው፤ ግዴታ ነው። እኛም ከደንብ ባዶ አይደለንም፤ ኢቢሲኤስ 10 የተባለው የሕንፃ ኤሌክትሪክ ተከላ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቷል። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ኪዮስኩ ድረስ አልመጣም።

ግዢን በተመለከተ ማግኔት ያዙ። የአሮጌ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ይበቃል። የሶኬቱ ውስጥ ነሐስ መሆን አለበት፤ ነሐስ ማግኔት አይስበውም። ቢጫ ቀለም የተቀባ ብረት ከሆነ ማግኔቱ ይይዘዋል፤ ያን መልሱለት። ሽቦ ስትገዙ ጫፉን በቢላ ፋቁ። ከላይ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው። ለሶኬት መስመር አትግዙት። አሉሚኒየም በብሎን ሥር ይላላል፣ ይዝጋልም። በአሜሪካ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1972 በፊት በአሉሚኒየም ሽቦ የተሠሩ ቤቶች ከመዳብ ቤቶች ይልቅ ሶኬቶቻቸው ለእሳት የሚያጋልጥ ደረጃ ላይ የመድረስ ዕድላቸው 55 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ባለ ሱቁ «ያው ነው፣ ብቻ ዋጋው ይቀንሳል» ሲላችሁ ይህን ቁጥር አስታውሱ።

ማን ይሥራው? በብሎኬት ቤት ውስጥ አንዱን ሶኬት በሌላ መተካት ጠንቃቃ የቤት ባለቤትም ሊሠራው ይችላል። በላሜራና በኮንቴይነር ላይ ግን አይንካው፤ ኧርዝ መትከልና አር.ሲ.ዲ መግጠም የሚያውቅ ባለሙያ ይጠራ። ወጣቶች፣ እናንተም ለዚህ ሥራ ስትጠሩ የሶኬት መቀየሪያ ዋጋ ተቀብላችሁ አትሂዱ። ኧርዝ ከሌለ ለባለቤቱ ንገሩት፤ እምቢ ካለ ሥራውን ተዉት። የዕለት ገንዘብ ይቀርባችኋል፤ ሆኖም በዚያ ሱቅ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው የእናንተ ስም ነው።

የሱቅ ባለቤቶች፣ የምለምናችሁ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ ለያሆዴ እንግዳው ሳይመጣ፣ ሱቁ በዕቃ ሳይሞላ ይህን ሥራ እንድታሠሩ ነው። ዛሬ ስትመለሱ የብሬከር ሳጥናችሁን ክፈቱ። «ቲ» የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ያለባት ትንሽ መጫኛ ፈልጉ፤ አር.ሲ.ዲ ካለ እሷ አለች። ተጫኗት፤ መቁረጥ አለበት። ካልቆረጠ ሞቷል፣ ይቀየር። ከቆረጠ በየወሩ እንዲሁ ሞክሩት። መጫኛዋ ጨርሶ ከሌለች ደግሞ አዲስ ሶኬት ከመግዛታችሁ በፊት አር.ሲ.ዲውን ግዙ፤ ዘንጉንም አስቀብሩ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን እጃችሁን አውጡ፤ የተቃጠለ ሶኬት ይዛችሁ የመጣችሁም ካላችሁ ወደ ፊት አምጡት፣ አብረን እንፍታው።